ክሎሪንና የተፈጥሮ ውሃ ሲገናኙ፤ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ምን ይጠይቃል?

የምዕራብ ሸዋ ዞን በውሃ ሀብታቸው ከሚታወቁ የኦሮሚያ ክልል አካባቢዎች አንዱ ነው። የአዋሽ ወንዝ የሚነሳው በጊንጪ አቅራቢያ ከሚገኙት የደንዲ ከፍተኛ ቦታዎች ሲሆን፣ ሁሉቃና ጉደር ደግሞ ውሃቸውን ይዘው ወደ አባይ ተፋሰስ ይፈሳሉ። ቀደም ሲል ሐገረ ሕይወት በሚል ስያሜ ትጠራ የነበረችው የዞኑ ዋና ከተማ አምቦም ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በጠርሙስ እየታሸገ ለገበያ በሚቀርበው የማዕድን ውሃ ስሟ ከሀገር አልፎ ተሰምቷል።

ይሁን እንጂ የከተማዋ ነዋሪ በየዕለቱ የሚጠጣው፣ ወጥ የሚሠራበትና ልጆቹን የሚያጥብበት ውሃ ከጠርሙስ የሚቀዳ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አምቦ 48,171 ነዋሪዎች ነበሯት። ከዚያ ወዲህ ከተማዋም ሆነች በአዲስ አበባ - ነቀምቴ መንገድ ላይ የሚገኙት አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ የመሳሰሉት ከተሞች እየሰፉ መጥተዋል። ከተማ ሲሰፋ ከምንጭ ብቻ መቅዳት ስለማይበቃ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ወንዝ ይጠለፋል፤ ግድብ ይገደባል። ውሃው ከየትም ይምጣ ከየት፣ ለሕዝብ ከመሰራጨቱ በፊት ከተሕዋስያን ነጻ መሆን አለበት። ለዚህ ተግባር በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚያገለግለው ኬሚካል ደግሞ ክሎሪን ነው።

ክሎሪን ተሕዋስያንን ብቻ ለይቶ የሚመታ አይደለም። በውሃው ውስጥ ተሟሟቶ ከሚገኝ የተክል ብስባሽና ከሌሎች የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ጋርም ይዋሐዳል። ከዚህ ውሕደት የሚገኙት ኬሚካሎች የማከሚያ ተረፈ ውጤቶች ይባላሉ። ስለ እነዚህ ውሕዶች ማወቅ የሚያስፈልገው ክሎሪንን ለመሸሽ አይደለም፤ ክሎሪኑ ከመጨመሩ በፊት ውሃው በምን ሁኔታ ላይ መገኘት እንዳለበት ለመረዳት ነው።

የክሎሪን ሥራ

ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ1774 ካርል ሼለ በተባለ የስዊድን ኬሚስት ተለይቶ የታወቀ ንጥረ ነገር ነው። ለከተማ የመጠጥ ውሃ ማከሚያነት ያለማቋረጥ ማገልገል የጀመረው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። በቤልጅየም ሚድልከርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902፣ በአሜሪካ ጀርሲ ሲቲ ደግሞ በ1908 ሥራ ላይ ውሏል። ይህ አሠራር ከተስፋፋ በኋላ ታይፎይድና ኮሌራ በብዙ ከተሞች ከፍተኛ የሞት ምክንያት መሆናቸው ቀርቷል።

ክሎሪን ለውሃ አገልግሎት የሚቀርበው በሦስት መልክ ነው። አንደኛው በብረት ሲሊንደር የታመቀ ጋዝ ነው። ሁለተኛው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ አነስተኛ የከተማ ውሃ አገልግሎቶች በብዛት የሚጠቀሙበት ነው። ሦስተኛው በፈሳሽ መልክ የሚገኘው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሲሆን፣ በየቤቱ በረኪና እየተባለ የሚታወቀውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ሦስቱም ከውሃ ጋር ሲቀላቀሉ ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባል ውሕድ ይሰጣሉ። ባክቴሪያዎችንና ቫይረሶችን የሚገድላቸው ይህ ውሕድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ የአሲድነት መለኪያው ከ8 በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በአንድ ሊትር ውስጥ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ሊቀር ይገባል። ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስም ከ0.2 ሚሊ ግራም ማነስ የለበትም። ይህ ቀሪ ክሎሪን በቧንቧው መስመር ላይ ለሚያጋጥም ብክለት ዘብ ሆኖ ያገለግላል። የውሃ አቅርቦቱ በፈረቃ በሆነበት ከተማ ቧንቧው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት በተሰነጠቀው ስፍራ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ስለሚችል፣ የዘቡ አስፈላጊነት የዚያኑ ያህል ይጨምራል።

ተረፈ ውጤቶቹ እንዴት ይፈጠራሉ?

በጫካ፣ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል፣ የበሰበሰ ሥር፣ የእንስሳት እበትና የሞተ ሣር በጊዜ ሂደት ወደ ብስባሽነት ይለወጣል። ከዚህ ብስባሽ የሚወጡት ሂዩሚክና ፉልቪክ አሲድ የተባሉ ውስብስብ የካርቦን ውሕዶች በዝናብ እየታጠቡ ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ ይገባሉ። ከዛፍ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ቀጠን ያለ ሻይ መስሎ የሚታየው በእነዚህ ውሕዶች ምክንያት ነው። ውሕዶቹ በራሳቸው መርዝ አይደሉም። ክሎሪን ሲያገኛቸው ግን ትልልቁን ሞለኪውል እየቆራረጠ የክሎሪን አተም በላዩ ላይ ይተክልበታል።

እስካሁን በዓለም ላይ ከ600 በላይ የማከሚያ ተረፈ ውጤቶች ተለይተው ታውቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ በመጠን ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። የመጀመሪያው ትራይሃሎሜቴን ይባላል። በሥሩም ክሎሮፎርም፣ ብሮሞዳይክሎሮሜቴን፣ ዳይብሮሞክሎሮሜቴንና ብሮሞፎርም የተሰኙ አራት ውሕዶች ይገኛሉ። ሁለተኛው የሃሎአሴቲክ አሲዶች ቤተሰብ ነው። በውሃው ውስጥ ብሮማይድ የሚባል ጨው ካለ፣ ክሎሪን ብሮማይዱን ስለሚያነቃው ብሮሚን ያዘሉት ዓይነቶች ይበዛሉ።

የተረፈ ውጤቶቹን መጠን የሚወስኑ ምክንያቶች በዋናነት አምስት ናቸው። እነሱም በውሃው ውስጥ የሚገኘው የተክል ብስባሽ መጠን፣ የተጨመረው ክሎሪን ብዛት፣ የውሃው ሙቀት፣ የውሃው የአሲድነት ወይም የአልካሊነት ደረጃ፣ እንዲሁም ክሎሪንና ውሃው አብረው የቆዩበት ጊዜ ናቸው። ትራይሃሎሜቴን ውሃው አልካሊ እየሆነ በሄደ መጠን ይጨምራል፤ ሃሎአሴቲክ አሲዶች ግን በተቃራኒው ይቀንሳሉ። በመሆኑም አንዱን ቤተሰብ ለመቀነስ ሲባል የሚወሰድ እርምጃ ሌላውን እንዳያበዛ ጥንቃቄ ያሻል።

ከእነዚህ አምስት ምክንያቶች መካከል ከሁሉ የሚቀድመው የመጀመሪያው ነው። ብስባሽ በሌለበት ውሃ ላይ ክሎሪን ቢጨመር የሚፈጠረው ተረፈ ውጤት እጅግ አነስተኛ ነው። በብስባሽ የተሞላ ውሃ ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በመጀመሪያ ክሎሪኑን እየበላ ተሕዋስያንን የመግደል አቅሙን ያዳክማል፤ ቀጥሎም የተበላው ክሎሪን ወደ ተረፈ ውጤትነት ይለወጣል።

ጉዳዩ እንዴት ታወቀ?

ክሎሪን ከ60 ዓመታት በላይ ካገለገለ በኋላ እንኳ እነዚህ ውሕዶች መኖራቸው አይታወቅም ነበር። በሆላንድ የሮተርዳም ከተማ ውሃ አገልግሎት ኬሚስት የነበረው ዮሐንስ ሩክ በክሎሪን በታከመ የወንዝ ውሃ ውስጥ ክሎሮፎርምና ተዛማጅ ውሕዶች መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ አስታወቀ። ምንጫቸውም በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ሂዩሚክ ንጥረ ነገር መሆኑን አመለከተ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ውጤት አቀረቡ።

እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከፍተኛ መጠን ያለው ክሎሮፎርም በተሰጣቸው አይጦች ላይ የጉበትና የኩላሊት ዕጢ መታየቱን ይፋ ሲያደርግ ጉዳዩ የሕዝብ ትኩረት አገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1979 አሜሪካ የአራቱ ትራይሃሎሜቴኖች ድምር በዓመት አማካይ በአንድ ሊትር ውሃ ከ100 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ደነገገች። ይህ ገደብ በ1998 ወደ 80 ማይክሮ ግራም ዝቅ ሲል፣ ለአምስት የሃሎአሴቲክ አሲዶች ድምር ደግሞ የ60 ማይክሮ ግራም ገደብ ወጣ። የአውሮፓ ኅብረት ለትራይሃሎሜቴን ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ማይክሮ ግራም የአንድ ሚሊ ግራም አንድ ሺህኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ለእያንዳንዱ ውሕድ የተለየ መመሪያ አውጥቷል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ለክሎሮፎርም 300፣ ለብሮሞፎርምና ለዳይብሮሞክሎሮሜቴን ለእያንዳንዳቸው 100፣ ለብሮሞዳይክሎሮሜቴን ደግሞ 60 ማይክሮ ግራም ነው። እነዚህ አኀዞች የተሰሉት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ዕድሜውን ሙሉ እንደሚጠጣ ታስቦ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ከመመሪያው ከፍ ያለ ውሃ መጠጣት ወዲያውኑ ሕመም ያስከትላል ማለት አይደለም፤ ትኩረቱ ለዓመታት በሚዘልቅ ተጋላጭነት ላይ ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1999 ክሎሮፎርምን “በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ” ከሚባሉት ኬሚካሎች ተርታ መድቦታል። በክሎሪን የታከመን የመጠጥ ውሃ በጥቅሉ ሲመረምር ግን በ1991 በሰጠው ውሳኔ መረጃው ለመፈረጅ በቂ እንዳልሆነ ገልጿል። በተለያዩ ሀገሮች በተካሄዱ ጥናቶች ለረጅም ዓመታት ከፍተኛ ትራይሃሎሜቴን ያለበትን ውሃ መጠጣት ከፊኛ ካንሰር ጋር ተያያዥነት እንዳለው የሚጠቁሙ ውጤቶች ተገኝተዋል። በአዲስ አበባም በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚገኘውን ትራይሃሎሜቴን የለኩና፣ በክሎሪን የታከመ የገጸ ምድር ውሃን ለረጅም ጊዜ መጠጣት ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት የፈተሹ ጥናቶች በቅርብ ዓመታት ታትመዋል። ተያያዥነት ማለት ግን መንስኤነት ተረጋገጠ ማለት እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል።

የምዕራብ ሸዋ ሁኔታ

የምዕራብ ሸዋ መልክዓ ምድር ለዚህ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። ከሆለታ እስከ ጊንጪና አምቦ የሚዘልቀው ደጋማ ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ አፈር የሸፈነው ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ጓያ ይበቅልበታል፤ ከብት ይግጥበታል፤ በየኮረብታውና በየመንደሩ ዳር ባህር ዛፍ ተተክሎበታል። በበጋ ወራት የሚሰነጠቀው ይህ አፈር ሰኔ ላይ ዝናብ ሲያገኝ ያብጥና ውሃ አላሰርግ ይላል። በዚህ የተነሳ ጎርፉ አፈሩን፣ እበቱን፣ የወደቀውን ቅጠልና የእርሻ ቃርሚያውን ጠራርጎ ወደ ወንዝ ያወርዳል። በበጋ ጠርቶ የሚታየው ሁሉቃ ወንዝ በክረምት ደፍርሶና ከፍ ብሎ የሚወርደውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ለውሃ ማጣሪያ ባለሙያ ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ጎርፍ ነው። በበጋው ወራት መሬት ላይ ሲከማች የቆየው ብስባሽ በአንድ ጊዜ ታጥቦ የሚመጣው በዚያን ጊዜ ነውና። ድፍርሱ ሲጨምር ክሎሪኑም ቶሎ ያልቃል። ባለሙያው ቀሪው ክሎሪን እንዳይወርድ ሲል መጠኑን ከፍ ያደርጋል። ከአምስቱ ምክንያቶች ሁለቱ፣ ማለትም ብስባሹና የክሎሪኑ ብዛት፣ አብረው የሚጨምሩት በዚህ አጋጣሚ ነው።

ከገጸ ምድር ውሃ በተለየ የምንጭና የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ በአፈርና በዓለት ውስጥ ሲያልፍ ብስባሹ በአብዛኛው ተጣርቶ ይቀርለታል። ስለሆነም በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀ ምንጭ ወይም ጉድጓድ የሚያስፈልገው ክሎሪን አነስተኛ ሲሆን፣ የሚፈጠረው ተረፈ ውጤትም እንዲሁ ዝቅተኛ ነው። በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ የሚያልፍና ማዕድን የበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ ግን የብሮማይድና የፍሎራይድ መጠኑ አስቀድሞ ሊለካ ይገባል። የማዕድን ውሃ ምንጭ በበዛበት እንደ አምቦ ባለ አካባቢ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር የኬሚካል ምርመራው ሙሉ እንዲሆን የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ድፍርስነት ብቻውን የብስባሽ መለኪያ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በሸክላ አፈር ብቻ የደፈረሰ ውሃ ዝቅተኛ ብስባሽ ሊኖረው ይችላል። በተቃራኒው ከደን ውስጥ የወጣ ጥርት ያለ ውሃ በዓይን የማይታይ ብዙ የተሟሟ ብስባሽ ሊይዝ ይችላል። የውሃው ቀለም፣ በላቦራቶሪም አልትራቫዮሌት ጨረርን የመዋጥ ባሕርዩ፣ ከድፍርስነት ይበልጥ ጠቋሚ ናቸው።

ከክሎሪኑ በፊት ውሃው

ተረፈ ውጤቶችን ለመቀነስ ሦስት መንገዶች አሉ። የተፈጠሩትን ማስወገድ፣ ክሎሪኑን በሌላ መተካት፣ ወይም ብስባሹን ቀድሞ ማውጣት ነው። የመጀመሪያው መንገድ ገባሪ ከሰልና የአየር ማናፈሻ የሚጠይቅ በመሆኑ ለአነስተኛ ከተማ ውድ ነው። ሁለተኛው የራሱ ጣጣ አለው። ኦዞን ብሮማይድ ካለበት ውሃ ጋር ሲገናኝ ብሮሜት የሚባል ሌላ ተረፈ ውጤት ይሰጣል፤ በቧንቧ ውስጥ የሚቆይ ዘብም አይተውም። አልትራቫዮሌት ጨረርም እንዲሁ ቀሪ ጥበቃ የለውም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥም ሥራው ይቆማል። ክሎራሚን ትራይሃሎሜቴንን ቢቀንስም ተሕዋስያንን የመግደል አቅሙ ከክሎሪን ያነሰ ነው።

ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዓይነት የውሃ አገልግሎት የሚስማማው ሦስተኛው መንገድ ነው። ይህም አዲስ ማሽን ከመግዛት ይልቅ የሥራውን ቅደም ተከተል ማስተካከልን ይጠይቃል።

የቅደም ተከተሉ የመጀመሪያ ደረጃ ተፋሰሱ ነው። በውሃ መቅጃው ዙሪያ የሚደረግ ከለላ፣ የእርከንና የሣር ሽፋን ሥራ፣ ከብት ወደ ውሃው እንዳይገባ ማድረግና በወንዙ ዳር ሀገር በቀል ተክሎችን መንከባከብ ወደ ማጣሪያው የሚደርሰውን ደለልና ብስባሽ ይቀንሳል። በየዓመቱ በዘመቻ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ከእርሻ ጥቅሙ ባሻገር የመጠጥ ውሃ ማከሚያም መሆኑ ብዙ ጊዜ አይወሳም።

ሁለተኛው ደረጃ ማርጋትና ማጣራት ነው። አሉሚኒየም ሰልፌት በውሃው ውስጥ ሲጨመር ጥቃቅኑን ደለልና የተሟሟውን ብስባሽ ከፊል አያይዞ ወደ ታች ያሰጥመዋል። የሚጨመረው መጠን ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ባለሙያዎች በተከታታይ በተደረደሩ ብርጭቆዎች ውስጥ የተለያየ መጠን እየጨመሩ የሚሞክሩት ቀላል ፍተሻ በክረምት በየዕለቱ ሊካሄድ ይገባል። ከዚያ ቀጥሎ ውሃው በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው ክሎሪን በቀላሉ የማይገድለውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስም ስለሚያስቀር ጥቅሙ ድርብ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ክሎሪኑ የሚጨመርበት ቦታ ነው። በአንዳንድ ማጣሪያ ጣቢያዎች ክሎሪን የሚጨመረው ጥሬ ውሃው ገና ወደ ጣቢያው ሲገባ ነው። ይህ አሠራር ክሎሪኑን ከብስባሹ ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል። መጨመሪያውን ከማጣሪያው በኋላ ማድረግ ያለ ብዙ ወጪ የትራይሃሎሜቴንን መጠን የሚቀንስ እርምጃ መሆኑን የሌሎች ሀገሮች ልምድ አሳይቷል። ይህ ለውጥ የሚደረገው ግን ውሃው ከክሎሪን ጋር ቢያንስ ለ30 ደቂቃ የሚቆይበት ገንዳ መኖሩ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

አራተኛው ደረጃ ማጠራቀሚያና ማሰራጫው ነው። ክሎሪን የተጨመረበት ውሃ በገንዳና በረጅም መስመር ውስጥ ለቀናት ሲቆይ ትራይሃሎሜቴን እየጨመረ፣ ቀሪው ክሎሪን ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ገንዳውን በወቅቱ ማጠብ፣ የሞተ መስመርን ማስተንፈስ፣ የሚፈሰውን ቧንቧ መጠገን ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ያቃልላል።

መለካት

የሚከናወነው ሥራ ውጤት ማምጣቱ የሚታወቀው በልኬት ነው። ቀሪ ክሎሪንን መለካት ቀላል ነው። ኪኒኑ በውሃው ውስጥ ሲሟሟ የሚታየው የሮዝ ቀለም ድምቀት ከተዘጋጀው የቀለም ሰሌዳ ጋር ይነጻጸራል። ይህን ማንኛውም የሠለጠነ የውሃ አገልግሎት ሠራተኛ በቦኖ አጠገብ ቆሞ ሊያከናውነው ይችላል።

ትራይሃሎሜቴንን ለመለካት ግን ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባል የላቦራቶሪ መሣሪያ ያስፈልጋል። ናሙናው አየር እንዳይገባው ተደርጎ በታሸገ ጠርሙስ መወሰድ፣ በውስጡ ያለው ክሎሪንም በኬሚካል መገታት አለበት። እያንዳንዱ ከተማ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ሊኖረው አይችልም፤ አያስፈልገውምም። በዓመት ጥቂት ናሙናዎችን በተመረጠ ጊዜና ቦታ መውሰድ ብዙ ይናገራል። ጊዜው የክረምቱ መግቢያና የበጋው ሙቀት የሚያይልበት ወር ሲሆን፣ ቦታው ደግሞ ውሃው ረጅም ጊዜ ቆይቶ የሚደርስበት የመስመሩ ጫፍ ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ በአካባቢው የሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በዚህ ረገድ ለከተሞቹ የቅርብ አጋር ሊሆኑ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚያበረታታው የውሃ ደህንነት ዕቅድ የተሰኘው አሠራርም የሚያተኩረው በቧንቧው ጫፍ በሚደረግ ምርመራ ላይ ብቻ አይደለም። ከተፋሰሱ እስከ ተጠቃሚው ጀሪካን ድረስ ያለውን አደጋ በየደረጃው ለይቶ መቆጣጠርን ይጠይቃል።

በየቤቱ

በገጠርና በከተማ ዳርቻ ብዙ ቤተሰቦች ውሃን በቤታቸው ያክማሉ። ውሃ አጋር የመሰለው ፈሳሽ ክሎሪንና ቢሻን ጋሪ የሚባለው ዱቄት በሀገራችን በስፋት ከታወቁት መካከል ናቸው። በአፋን ኦሮሞ “ጥሩ ውሃ” የሚል ትርጉም ያለው ቢሻን ጋሪ ደለሉን የሚያሰጥምና ተሕዋስያንን የሚገድል ንጥረ ነገር በአንድ ላይ የያዘ ነው። ውሃው ከረጋ በኋላ በንጹህ ጨርቅ ተጠልሎ የሚጠጣ በመሆኑ የማርጋትና የማከም ሥራው በአንድ ዕቃ ውስጥ ይከናወናል።

ፈሳሽ ክሎሪን የሚጠቀም ቤተሰብ ግን ቅደም ተከተሉን ራሱ ማስጠበቅ ይኖርበታል። የወንዝ ውሃ በመጀመሪያ በእንስራ ወይም በጀሪካን ውስጥ ረግቶ እንዲያድር ይደረጋል፤ ጠሎ የቀረው ክፍል በተጣጠፈ ንጹህ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያም በመመሪያው የታዘዘው የክሎሪን መጠን ይጨመራል፤ 30 ደቂቃም ይጠበቃል። ለደፈረሰ ውሃ እጥፍ ክሎሪን እንዲጨመር የሚታዘዘው ደለሉና ብስባሹ ክሎሪኑን ስለሚሻሙት ነው። ውሃው አስቀድሞ ከጠራ እጥፉ አያስፈልግም።

በዚህ መንገድ የታከመ ውሃ ምን ያህል ተረፈ ውጤት እንደሚይዝ በጎረቤት ሀገር ተፈትሿል። በምዕራብ ኬንያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት በቤት ውስጥ ክሎሪን የተጨመረባቸውን ድፍርስና ጥሩ ውሃዎች ለክቶ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የበለጠ ትራይሃሎሜቴን አላገኘም። በታንዛኒያ የተካሄደ ተመሳሳይ ጥናትም በ2010 ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሷል።

ክሎሪኑ ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፀሐይና በሙቀት የቆየ ፈሳሽ ክሎሪን ኃይሉ ይደክማል፤ ክሎሬት ወደሚባል ሌላ ውሕድም ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሬት ያወጣው መመሪያ በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ዕቃው ክዳኑ ተገጥሞ በጥላ ሥር ሊቀመጥና የአገልግሎት ጊዜው ሳያልፍ ሊያልቅ ይገባል። መዓዛ የተጨመረበት በረኪና ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ አይውልም።

በቧንቧ ውሃ ላይ የሚሰማው የክሎሪን ሽታ የተረፈ ውጤት ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ ይስተዋላል። ይህ ስሕተት ነው። ትራይሃሎሜቴን በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሚገኝበት መጠን በአፍንጫ አይለይም። መጠነኛ የክሎሪን ሽታ ውሃው ዘብ እንዳለው ያመለክታል። ሽታውን የማይወድ ሰው ውሃውን በተከደነ ንጹህ ዕቃ ለጥቂት ሰዓታት ቢያቆየው ይቀንስለታል። ትራይሃሎሜቴን በቀላሉ የሚተን በመሆኑ ውሃ ሲፈላ አብዛኛው ይወጣል። ሃሎአሴቲክ አሲዶች ግን እንዲህ በቀላሉ አይተኑም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ይህም ለበሽታ አምጪ ተሕዋስያን በቂ ሙቀት ነው። የፈላ ውሃ ቀሪ ክሎሪን ስለማይኖረው ግን ተመልሶ እንዳይበከል በተከደነ ዕቃ መቀመጥ አለበት።

ሚዛኑ

ሁለቱ አደጋዎች በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ እኩል አይደሉም። ያልታከመ ውሃ የሚያስከትለው ጉዳት በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይታያል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የጀመረው የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ ያደረሰውን ጉዳት ታውቀዋለች። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተቀሰቀሰው ኮሌራም ወደ በርካታ አካባቢዎች ተዛምቶ ለረጅም ጊዜ ሳይገታ ቆይቷል። የተረፈ ውጤቶች ሥጋት ግን በብዙ ዓመታት ተጋላጭነት የሚሰላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ተረፈ ውጤቶችን ለመቀነስ ሲባል ውሃን ከተሕዋስያን የማጽዳት ሥራ ፈጽሞ እንዳይጓደል በግልጽ ያሳስባል።

ይህ ማለት ግን የተረፈ ውጤቶቹ ጉዳይ ወደ ጎን ይባል ማለት አይደለም። ዛሬ ሕፃን የሆነው የጊንጪ ወይም የጌዶ ነዋሪ ከዚያው የከተማ ቧንቧ ለ50 እና ለ60 ዓመታት ሊጠጣ ይችላል። ከኮሌራ የሚጠብቀው ክሎሪን በጎልማሳነቱ ሌላ ሥጋት እንዳያመጣበት የሚደረገው ጥንቃቄ የሚጀምረው ከአሁኑ ነው።

ሁለቱን አደጋዎች በአንድነት የሚቀንሰው ሥራም አንድ ነው። ተፋሰሱ ሲጠበቅ፣ ውሃው ሲረጋና ሲጣራ፣ አነስተኛ ክሎሪን ብዙ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ የሚተወው ተረፈ ውጤትም ያንሳል። በጥሬው ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን ማብዛት ግን ወጪውን ከፍ ያደርጋል፤ ጥበቃውን ያሳንሳል፤ ተረፈ ውጤቱን ያበዛል። ለአምቦና በዙሪያዋ ለሚገኙት ከተሞች የመጠጥ ውሃ ደህንነት ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከክሎሪን በርሜሉ ሳይሆን ውሃው ከሚነሳባቸው ኮረብቶች ነው።